ኮብ የሚባለውን የዌልስ ለጋ ፈረስ ለመጀመሪያው የሥርዓተ ግልቢያ ውድድር ስለ ማዘጋጀት

በታላቋ ብሪታንያ ደሴት በምዕራብ በኩል ዌልስ የሚባል ተራራማ አገር አለ። ዝናሙ የበዛ፤ ሜዳው ጥቂት፤ ዳገቱ ብዙ ስለ ሆነ፤ የአገሩ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ለሥራው የመረጠው ፈረስ ቁመቱ አጭር፤ ደረቱ ሰፊ፤ ወገቡ የጸና፤ ሰኰናው ጠንካራ የሆነውን ነው። ይህን ዓይነት ፈረስ እንግሊዞች «ኮብ» ይሉታል። አውቶሞቢል ከመምጣቱ አስቀድሞ አንዱ ኮብ በሥራ ቀን ጋሪ ሲስብ፤ ሐኪሙን ወደ በሽተኛው ቤት ሲያደርስ ሰንብቶ፤ በእሑድ ደግሞ ቤተ ሰቡን ወደ ጸሎት ቤት ይወስድ ነበር። ለዘር የሚሆነው ድንጉላም የሚመረጠው በመልኩ ብቻ ሳይሆን፤ ከካርዲፍ ተነሥቶ እስከ ዳውላይስ ድረስ ዳገቱን በሶምሶማ በመውጣት ብርታቱ ነበረ ተብሎ ይነገራል።

የዌልስ ፈረስ አርቢዎች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. ማኅበር አቁመው የፈረሶቻቸውን ትውልድ በመዝገብ ይጽፋሉ። መዝገቡ አራት ክፍል አለው። በሦስተኛው ክፍል የሚጻፈው ትንሹ ኮብ ከመሬት እስከ ትከሻው ጉብታ ሲለካ ከ137 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በአራተኛው የሚጻፈው ትልቁ ኮብ ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ስለ ትንሹ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ፈረስም በብዛት ከዚህ ቁመት የማያልፍ ስለ ሆነ፤ ዌልሶች ለጋውን ኮብ እንዴት እንደሚገሩት ማወቅ ለየወረዳው ሹምና ለባለ ፈረሱ ሁሉ ከወሬ ያለፈ ጥቅም አለው።

የፈረስን ዋጋ በቁመቱ ብቻ መገመት የቆየ ስሕተት ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር ፈረሶች ቁመት እንዲጨምር ፈልጎ በ1541 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፤ ቁመቱ ከ15 እጅ፤ ማለት ከ152 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ድንጉላ በተወሰኑ አውራጃዎች በጋራ ግጦሽ ላይ እንዳይሰማራ ከለከለ። ነገር ግን ሕግ የሚፈጸመው ሹም ሊደርስ በሚችልበት ቦታ ስለ ሆነ፤ በዌልስ ተራራና ገደል ውስጥ የነበሩት ትንንሽ ፈረሶች ተረፉ። ዛሬ ኮቡን የሚያስመሰግነው ጽናትና ብልሃት ከነዚያ ከተረፉት የመጣ ነው። ሹሞች ትእዛዝ ባለመፈጸማቸው አገር የተጠቀመበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ውድድሩ ድሬሳዥ ይባላል። ቃሉ የፈረንሳይ ሲሆን ትርጓሜው መግራት፤ ማሠልጠን ማለት ነው። ሩጫ አይደለም፤ አጥር መዝለልም የለበትም። ፈረሰኛው በተከለለ ሜዳ ውስጥ ብቻውን ገብቶ በወረቀት የታዘዘለትን መንገድና አካሄድ ተራ በተራ ይፈጽማል፤ ዳኛውም ለያንዳንዱ ክፍል ነጥብ ይሰጣል። ጥበቡ ጥንታዊ ነው። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ፤ ሰው በቁጣ ሆኖ ወደ ፈረስ እንዳይቀርብ አጥብቆ ያስተምራል። ከብዙ ዘመን በኋላ የፈረንሳይና የኦስትሪያ ነገሥታት ፈረስ ቤቶች ጥበቡን አሳደጉት፤ ቀጥሎም የፈረሰኛ ጦር ትምህርት ሆነ። በ1912 ዓ.ም. በስቶክሆልም ወደ ኦሊምፒክ ጨዋታ ሲገባም የተወዳደሩት መኰንኖች ብቻ ነበሩ፤ ይህም እስከ 1948 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። በ1952 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ለሌላውም ሰው ለሴቶችም በተፈቀደ ጊዜ፤ ሊስ ሃርተል የምትባል የዴንማርክ ሴት ከመኰንኖቹ ጋር ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። ይህች ሴት በፖሊዮ በሽታ ምክንያት ከጕልበቷ በታች እግሯ የማይታዘዝላት ስለ ነበረች፤ ወደ ፈረሱ የምትወጣውና የምትወርደው በሰው ረዳትነት ነበር። ፈረስ የሚታዘዘው ለጡንቻ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ማሰብ ይገባዋል።

ዳኛው አስቀድሞ የሚመለከተው የእግሩን ምት ነው። ፈረስ በእርምጃ ሲሄድ አራት ምት፤ በሶምሶማ ሁለት ምት፤ በደንገላሳ ሦስት ምት ይሰማል። ምቱ ሳይዛባ፤ ፈረሱ ሳይደነግጥና ሳይቸኵል፤ አፉን ከልጓሙ ሳያሸሽ፤ የኋላ እግሩም የፊቱን ዱካ ቀጥ ብሎ ሲከተል ነጥቡ መልካም ይሆናል። ከሁሉም በታች በሆነው በመግቢያው ደረጃ የሚጠየቀው በብዛት እርምጃና ሶምሶማ፤ ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ክብ መዞርና ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ነገሩ ለሚሰማው ቀላል ይመስላል። በሰው ሁሉ ፊት ቀጥ ብሎ መቆምና አለመነቃነቅ ግን ለአራት ዓመት ፈረስ ከባድ ሥራ ነው።

ለጋውን ኮብ በማዘጋጀት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዕድሜው ነው። የሌላ ዘር ፈረስ በሦስት ዓመቱ እግሩ የረዘመ፤ ሰውነቱ የቀጠነ ስለ ሚሆን ልጅነቱ ከሩቅ ይታወቃል። ኮቡ ግን በዚያው ዕድሜ አንገቱ ወፍሮ፤ ታፋው ሞልቶ፤ ደረቱ ሰፍቶ ሲታይ የበቃ ይመስላል። ጠባዩም ደፋርና ለሥራ የሚቸኵል በመሆኑ የተጫነውን ሁሉ ሳያጕረመርም ይሸከማል። የሚያታልለውም ይኸው ነው። የፈረስ አጥንት የሚጠነክረው ከታች ወደ ላይ ሲሆን፤ የታችኛው እግር አጥንት ቀድሞ ይጸናል፤ ሰው የሚቀመጥበት የጀርባ አከርካሪ ግን ከሁሉ በኋላ፤ አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው የሚጸናው። ጥርሱም እንዲሁ ነው። የወተት የፊት ጥርሶቹ ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምሮ እስከ አራት ዓመት ተኩል ድረስ እየወለቁ በሌላ ይተካሉ፤ በዚህ ጊዜ ድዱ ያብጣል፤ ልጓሙም ያሳምመዋል። በመንጋጋው ጥርስ ፊት ለፊት የምትበቅል የተኩላ ጥርስ የምትባል ትንሽ ጥርስ ካለችም ልጓሙ እየነካት ራሱን እንዲወረውር ታደርገዋለች። ባለቤቱ ይህን ሳያይ «ፈረሱ እልከኛ ነው» ብሎ አለንጋ ያነሣል። ስለዚህ ማናቸውም ሥራ ሳይጀመር አፉን የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት።

በዌልስ የተለመደው፤ በሦስት ዓመቱ ኮርቻና ቀላል ሰው ለጥቂት ሳምንት አስለምደው፤ እንደ ገና ወደ ግጦሽ መልሰው፤ በአራት ዓመቱ ሥራውን በዝግታ መጀመር ነው። በብሪታንያ የውድድሩ ደንብ ራሱ አራት ዓመት ያልሆነውን ፈረስ አይቀበልም። ኮብ በደኅና ከተያዘ 20 ዓመት ካለፈውም በኋላ ሰው ተሸክሞ ስለ ሚሄድ፤ በመጀመሪያ የሚታገሡት ሁለት ዓመት ሲቈጠር ጥቂት ነው። በልጅነቱ ጀርባው የተጐዳ ፈረስ ግን በአሥር ዓመቱ ለጋሪም ለኮርቻም አይሆንም፤ የበላው ገብስና ድርቆሽ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠው በምድር ላይ ቆሞ ነው። ለጋው በአፍሳር መመራትን፤ «ቁም» ሲባል መቆምን፤ እግሩን ሲያነሡት ዝም ማለትን ይማራል። ከዚያ በኋላ ገሪው ሁለት ረጅም ዛብ ይዞ ከኋላው እየተከተለ፤ በመንገድ፤ በወንዝ ዳር፤ በገበያ አጠገብ ይነዳዋል። ይህ ዘዴ ለኮብ በተለይ የተስማማ ነው፤ ዘሩ ጋሪ ሳቢ ስለ ሆነ ከኋላው ድምፅ መስማትን ቶሎ ይለምዳል፤ ጀርባውም ክብደት ሳይሸከም መዞርንና መቆምን ያውቃል። በረጅም ገመድ ዙሪያውን ማስኬድም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ክቡ ሰፊ፤ ጊዜውም ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን። በጠባብ ክብ ለብዙ ጊዜ የሚዞር ለጋ ፈረስ የእግሩን መገጣጠሚያ ይጐዳል።

ስለ ኮርቻና ስለ ልጓም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የኮብ ጀርባ ሰፊና ጠፍጣፋ፤ የትከሻው ጉብታም ዝቅ ያለ ነው። ለሌላ ፈረስ የተሠራ ጠባብ ኮርቻ ሲጫንበት እንጨቱ ትከሻውን ይቈነጥጠዋል፤ ወይም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ለጋ ፈረስ በየወራቱ ቅርጹ ስለ ሚለወጥ፤ በመስከረም የገጠመው ኮርቻ በጥር ላይገጥም ይችላል። የሚሸከመውንም መመዘን ይገባል፤ ብዙዎች የሚከተሉት ልክ ፈረሰኛውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጡ ነው። 350 ኪሎ ለሚመዝን ኮብ ይህ 70 ኪሎ ነው፤ ለጋ ለሆነው ደግሞ ከዚህም ዝቅ ቢል ይሻላል። ልጓሙ በሁለቱ ዳር ቀለበት ያለው፤ ምላስ ላይ የሚያርፍ ተራ ብረት ነው፤ ለጀማሪው ደረጃም ከዚህ የከበደ ጥንድ ልጓም አይፈቀድም። በኢትዮጵያ ከጥንት የሚታወቀው፤ ቀለበቱ የታችኛውን መንጋጋ የሚይዘው ልጓም ግን በጥቂት መሳብ ፈረስን በድንገት የሚያስቆም ኃይለኛ ነው። ለጉግስና ለጦር ሜዳ ለሠለጠነ ፈረስ፤ በዐዋቂ እጅ፤ የተሠራበትን ጉዳይ ይፈጽማል። ያልተገራ ለጋ ፈረስ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ፈረሱ የሚማረው ሕመምን መሸሽ ብቻ ነው፤ አንገቱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ጀርባውን ያጐብጣል፤ የሠለጠነም ሆነ ያልሠለጠነ ሰው ከዚያ በኋላ አፉን ሊያለዝበው እጅግ ይቸገራል።

ፈረሰኛው ከተቀመጠ በኋላ የኮቡ ዋና ፈተና ሶምሶማው ነው። ሶምሶማ የዘሩ ክብር ነው፤ ጕልበቱን ከፍ አድርጎ በኃይል ሲረግጥ የሚያይ ሁሉ ይደነቃል። ይሁን እንጂ ለጋው ኮብ ሰው ሲጫነው ሚዛኑ ስለ ሚጠፋበት፤ እንዳይወድቅ እግሩን እያፋጠነ ወደ ፊት ይሮጣል። ፈረስ ቆሞ ሳለ እንኳ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው በፊት እግሩ ላይ ነው፤ ሰው ሲጨመርበት ይብሳል። በዚህ ጊዜ ዛቡን አጥብቆ መሳብ ምንም አይጠቅምም። የኮብ አንገት ወፍራምና ብርቱ ስለ ሆነ በፈረሰኛው እጅ ላይ ይደገፋል፤ ሁለቱም እየተሳሳቡ ይውላሉ፤ በዚህ መሳሳብም አሸናፊው ሁልጊዜ ፈረሱ ነው። መድኃኒቱ አካሄዱን ደጋግሞ መለወጥ ነው። ጥቂት ሶምሶማ፤ ወዲያው እርምጃ፤ ስምንት ወይም አሥር እርምጃ ከሄደ በኋላ እንደ ገና ሶምሶማ፤ ከዚያም መቆም። ፈረሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያዞርና ሳይጐተት ሲዘገይ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ መመለስ ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ማግኘት በቀን ሳይሆን በወራት የሚቈጠር ነው።

ሌላው ማታለያ የአንገቱ ቅስት ነው። ኮብ በተፈጥሮው አንገቱ የተቀሰተ ስለ ሆነ፤ ጥቂት ቢስቡት ራሱን ወደ ደረቱ ያስገባል፤ ከሩቅ ለሚያይም የተገራ ፈረስ ይመስላል። ጕሮሮው ግን ወፍራም በመሆኑ በዚህ አኳኋን ሲታሰር ትንፋሹ ያጥራል፤ ጀርባውም ይደርቃል። ዐዋቂ ዳኛ በዚህ አይሸነገልም፤ አፍንጫው ጥቂት ወደ ፊት የወጣውንና በነጻ የሚተነፍሰውን ይመርጣል። ለጋው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት እንዲዘረጋ መፍቀድ ከሥራው ዋናው ክፍል ነው። በብዙው ፈተናም ዛቡ ረዝሞለት አንገቱን ዘርግቶ የሚሄደው ነጻ እርምጃ ነጥቡ በእጥፍ የሚቈጠር ሲሆን፤ ብዙ ሰው ግን በቤቱ አይለማመደውም።

ደንገላሳውን ለማስተማር መቸኰል አያስፈልግም። ዘሩ በሶምሶማ የተመረጠ ስለ ሆነ ደንገላሳው ደካማ ነው፤ በጠባብ ሜዳ ቢያስገድዱት ሦስቱ ምት ተሰብሮ አራት ይሆናል። በመጀመሪያ ለስላሳ አቀበት ባለበት ቦታ፤ ቀጥ ባለ መንገድ፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ መጋለብ ይሻላል፤ አቀበቱ ራሱ የኋላ እግሩን ከሆዱ ሥር ያስገባዋል። የሜዳው ሥራ በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን፤ በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ከነዚህም ሁለቱን ቀን በገጠር መንገድ ቢያሳልፈው አእምሮው አይሰለችም። አንድ ነገር በደኅና ከፈጸመ በኋላ ወዲያው ወርዶ ኮርቻውን መፍታት ከብዙ ምስጋና ይበልጥ ያስተምረዋል።

መኖውን በተመለከተ ኮብ በጥቂት የሚወፍር ፈረስ ነው። 350 ኪሎ ለሚመዝነው በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ደረቅ መኖ በቂ ነው፤ እህል ለቀላል ሥራ አያስፈልገውም። ለምለም ሣር ያለ ልክ ከበላ ሰኰናው ውስጡ ይቈስላል፤ ይህም በሽታ ፈረሱን ለዘለቄታው ያሰናክለዋል። የወፈረ ኮብ ያማረ ይመስላል፤ የጎድን አጥንቱ በዓይን ባይታይ እንኳ በእጅ ሲዳስሱት መታወቅ አለበት።

የውድድሩ ሜዳ ርዝመቱ 40፤ ወርዱ 20 ሜትር ሲሆን፤ ዙሪያውን በዝቅተኛ ነጭ ሳንቃ ይከለላል። በዳሩ ኤ፤ ኬ፤ ኢ፤ ኤች፤ ሲ፤ ኤም፤ ቢ፤ ኤፍ የሚባሉ ፊደሎች ይቆማሉ፤ ተራቸው የፊደል ገበታ ተራ አለመሆኑ ጀማሪውን ያደናግራል። ፈረሰኛው በኤ ገብቶ በመካከል ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ ዳኛው በሲ አንጻር ተቀምጧል። ለያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ 10 እጅግ ጥቂት ሰው ያያል። መንገድ የሳተ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ሦስት ጊዜ የሳተ ይሰናበታል። በዳኛው አጠገብ አንድ ጸሓፊ ተቀምጦ ነጥቡንና ቃሉን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጽፋል፤ የዳኛው ዓይን ከፈረሱ ላይ እንዳይነሣ የሚያደርገው እሱ ሲሆን፤ ስሙን ግን የሚጠይቅ የለም። ወረቀቱም ከውድድሩ በኋላ ለፈረሰኛው ይሰጣል።

ለጋውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውድድር ቦታ የሚወስዱት ለመወዳደር መሆን የለበትም። የፈረስ መጫኛ መኪና ውስጥ መግባትንና መውጣትን ቀደም ብሎ በቤቱ ይልመድ፤ በመኪናው ውስጥም ድርቆሽ ይብላ። ከዚያም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ ቦታው ወስደው በአፍሳር እየመሩ ነጩን ሳንቃ፤ የዳኛውን ማረፊያ፤ ሌሎቹን ፈረሶችና ሕዝቡን አሳይተው፤ ሳይቀመጡበት ወደ ቤቱ ይመልሱታል። ኮብ ያየውን አይረሳም፤ በጎውንም ክፉውንም። በመጀመሪያ ቀን ፈርቶ የተገረፈበትን ሜዳ በአሥር ዓመቱም ያውቀዋል።

በውድድሩ ቀን ለማሟሟቅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ የሚበዛው ጕልበቱን ያስጨርሰዋል። የመጀመሪያው ክፍል በእርምጃ ይሁን። ፈረሰኛው የፈተናውን መንገድ በቃሉ ያጥና፤ በዝቅተኛው ደረጃ ሌላ ሰው በዳር ቆሞ እንዲያነብለት ቢፈቀድም፤ በነፋስ ቀን የሚያነበው ሰው ድምፅ አይሰማም። ፈረሱ በሲ አጠገብ ደንግጦ ቢሸሽ መቅጣት አይገባም፤ ክቡን ሳያጠብቡ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ ማሳለፍ ነው፤ የሚጠፋው የአንድ ክፍል ነጥብ ብቻ ነውና። ጨርሶ አልረጋጋ ካለ ዳኛውን ሰላም ብሎ ከሜዳው መውጣት ነውር የለበትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቶ 60 ያገኘ ለጋ ኮብ ደኅና ሠርቷል ይባላል።

ሲወጣ የኮርቻው መታጠቂያ ይላላ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ በእጅ እየተመራ ይሂድ፤ በማግስቱም በግጦሹ ላይ ይዋል። ወረቀቱን በዚያው ቀን በሰው ፊት ከማንበብ ይልቅ ማታ በቤት ተቀምጦ ማንበብ ይሻላል። «ቸኰለ» የሚለው ቃል በሶምሶማው ክፍል ሁሉ ተደጋግሞ ከተገኘ የሚቀጥለው ወር ሥራ እሱ ነው፤ «መቆሙ አልጸናም» ከተባለም በየቀኑ ከሥራው በፊትና በኋላ መቆም ይለማመድ። ሁለተኛው ውድድር ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ፤ በሌላ ቦታ፤ በዚያው በመግቢያው ደረጃ ቢሆን መልካም ነው።